ምዕራፍ 7፦ ዋንዛ መጥረጊያ ይፈልጋል፣ ጽድ ትዕግሥት

እናትና አባቴን ለዓመታት ያከራከረች ባዶ ቦታ ነበረችን። ከቤታችን በስተሰሜን፣ በውሃ ታንከሩና በአጥሩ መካከል ያለች፣ አራት ሜትር በአራት ሜትር የማትሞላ መሬት ናት። እናቴ «ዋንዛ ይተከልባት» ትላለች፤ አባቴ «ጽድ» ይላል። እሷ ያደገችው ጎንደር፣ ቡና ከዋንዛ ሥር በሚፈላበት ግቢ ነው። እሱ የመንዝ ልጅ ነው፤ ለእሱ ዛፍ ማለት ደብሩን ከሩቅ የሚያስታውቀው ጥቁር አረንጓዴ ጽድ ነው።

«ዋንዛ ደግሞ ምኑ ዛፍ ነው? ዓመቱን ሙሉ ጥራጊ!» ይላል አባቴ።

«ጽድማ ለልጅ ልጅ ነው፤ እኔ መቼ ልቀመጥበት?» ትላለች እናቴ።

ክርክሩን እየሰማሁ አደግሁ። ሥራዬ ከችግኝ ጋር ከሆነ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እናቴ የምታወራው 2200 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ግቢ ነው፤ አባቴ ደግሞ ወደ 3000 ሜትር ስለሚጠጋ አገር። ቤታችን ያለው አዲስ አበባ፣ በሁለቱ መካከል። ሁለቱም የልጅነታቸውን መሬት እዚያች አራት በአራት ላይ ሊተክሉ ነበር የሚታገሉት።

ዛፍ ለመትከል ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ የምጠይቀው «እርስዎ ግቢዎ ውስጥ እንዴት ነው የሚኖሩት?» ብዬ ነው። ዋንዛ ከሰው ጋር የሚኖር ዛፍ ነው። ቅጠል ያራግፋል፣ አበባ ያፈሳል፣ ፍሬ ይጥላል፣ በየቀኑ አንድ ነገር ይሰጣል፣ በየቀኑም መጥረጊያ ያስነሳል። ጽድ ግን ብቻውን ቢተዉት ይመርጣል። የሚጠይቀው ዓመታትን ብቻ ነው።

ከክረምት በኋላ የሚነጣ ከተማ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1762 ዓ.ም. ነው። በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዋንዛን ከነሥዕሉ አስፍሮታል። የጎንደር ሰው በየቤቱ ዙሪያ ዋንዛ ይተክል እንደነበር፣ ከተማው ከሩቅ ሲታይ ደን እንደሚመስል፣ ዝናቡ እንዳበቃም አበባው ከተማውን ነጭ እንደሚያለብሰው ይተርካል። እንግዲህ ዋንዛ ከደን ወጥቶ የግቢ ዛፍ ከሆነ ቢያንስ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

ያንን ነጭ አበባ ቀረብ ብለው ይመልከቱት። እያንዳንዱ አበባ አፉን የከፈተ ትንሽ ጥሩንባ ነው። ጠርዙ እጅ ውስጥ ተጨማድዶ እንደተፈታ ስስ ወረቀት ነው። በዘለላ በዘለላ ሆኖ ሲፈነዳ ቅጠሉን ይሸፍነዋል፤ ከዛፉ ሥር ለቆመ ሰው ደግሞ ከአበባው ይልቅ ቀድሞ የሚሰማው የንቡ ድምፅ ነው። ዋንዛ ያለበት መንደር ቀፎ አይጠፋም የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ከአበባው በኋላ ፍሬው ይመጣል። ሲበስል ቢጫ ነው፣ መጠኑ ከሽምብራ ከፍ ይላል፣ ውስጡ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ጣፋጭ ልጋግ አለው። ወፍም ጦጣም ልጅም ይሻሙበታል። እናቴ በልጅነቷ የተቀደደ የደብተር ገጽ የምትለጥፈው በዋንዛ ፍሬ ነበር። ሥጋውን በልታ፣ የቀረውን ሙጫ ወረቀቱ ላይ!

ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ከአዋቂ መዳፍ ይበልጣል። ላይኛው ገጹ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ይህ ስፋት ሁለት ነገር ያደርጋል። በፀሐይ ጊዜ ወፍራም ጥላ ይጥላል፤ ሲወድቅ ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። የጅማ ገበሬ ዋንዛን በቡናው መካከል የሚያስቀረው ለዚህ ነው። በጌዴኦም ዋንዛ ከእንሰትና ከቡና ጋር በአንድ ማሳ ይኖራል። ያ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከተመዘገቡት ነገሮች አንዱ ዛፍና ምግብ በአንድ መሬት ላይ ሳይጣሉ የሚኖሩበት ይህ ዘዴ ነው።

እንጨቱን አናጢ ሁሉ ያውቀዋል። ለመጥረብና ለመላግ ይመቻል፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፣ በርም ጠረጴዛም ወንበርም ይወጣዋል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮም አብዛኛውን ጊዜ የሚቦረቦረው ከዋንዛ ግንድ ነው። መወደዱ ግን ጎድቶታል። ትልልቁ ዋንዛ ከብዙ ቦታ ያለቀው በዚሁ የእንጨቱ ስም ነው።

ደብሩን የሚያስታውቀው

ጽድ ሌላ ዓለም ነው። አበባ የለውም፣ ጥላው አይለዋወጥም፣ ወቅት አይነግርም። መስከረም ላይ እንዳዩት ሚያዝያ ላይ ያገኙታል። ነገር ግን ከሩቅ፣ በተራቆተ ተረተር ላይ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ክምር ሲታይ መንገደኛ ኮፍያውን ያወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አውቆታል።

የዕፅዋት ተመራማሪዎች የሰጡት የላቲን ስም «ረጅም» የሚል ትርጉም አለው፤ የስሙ ባለቤትም ነው። ከቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ቁመቱ ይበልጣል፤ ዕድሜ ካገኘ ከ30 ሜትር በላይ ይሄዳል። እነዚህ የቅርብ ዘመዶቹ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነዋሪ ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው። ከዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ምዕራባዊ ተራሮች ተነሥቶ፣ የእኛን ደጋ አቋርጦ፣ በኬንያ በኩል እስከ ዚምባብዌ ይደርሳል። ሳዑዲ ዐረቢያ ውስጥ አብሃ አካባቢ የሠራ ኢትዮጵያዊ እዚያ ተራራ ላይ የአገሩን ጽድ ቢያይ ዓይኑ አላታለለውም፤ ራሱ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ የገባ ሰው ጽድ በዕድሜው ምን እንደሚሆን ያያል። ደኑን ያስተከሉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደሆኑ፣ ዘሩም ከሸዋው ወፍ ዋሻ እንደመጣ በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ የሚለው ዘመን 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እዚያ ግንዱን ሲነኩት ቅርፊቱ በረጃጅም ስስ ቁርጥራጭ ይላጣል፤ ከሥሩ ቀላ ያለ ነው። ስብርባሪ እንጨት አንሥተው ቢያሸቱት ደግሞ አንደኛ ክፍል ይመለሳሉ። እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣው ሽታ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ እርሳስ ሲሠራበት የኖረ እንጨት ነው።

ገበሬ ግን ጽድን የሚወደው ለሌላ ነገር ነው። ምስጥ አይደፍረውም። የጽድ አጥርና የጽድ ምሰሶ የተከለው ሰው ካለፈ በኋላም ቆሞ ይገኛል። አባቴ ስለ ጽድ ሲናገር ድምፁ የሚለወጠው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው፤ አያቱ ያቆሙት ምሰሶ እስከ አሁን ቤት ተሸክሟል።

መጀመሪያ ከፍታዎን ይወቁ

ምርጫው ከምኞት በፊት በሜትር ይወሰናል። ዋንዛ የሚመቸው ከ900 እስከ 2500 ሜትር ገደማ፣ ከሞቃቱ ቆላ ጠርዝ እስከ ወይና ደጋ ነው። ጽድ ደግሞ ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ገደማ፣ ወይና ደጋና ደጋ ነው። የሚገናኙበት መሬት ሰፊ ነው፤ ጫፍና ጫፋቸው ግን አይገናኝም።

ስለዚህ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ጅማ ያለ ሰው ብዙ ማሰብ የለበትም። ዋንዛ አገሩ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዋንዛን ከመትከሉ በፊት የኅዳርን ሌሊት ያስብ። ውርጭ ለጋውን ዋንዛ ያቃጥለዋል፤ ጠዋት ቅጠሉ ጠቁሮ፣ የፈላ ውሃ የተደፋበት ጎመን መስሎ ይገኛል። ጽድ ለዚያ ብርድ የተፈጠረ ነው።

አዲስ አበባ መካከል ላይ ናት፤ ግን ከተማዋ ራሷ ወጥ አይደለችም። ከአቃቂ ሜዳ እስከ እንጦጦ አናት የብዙ መቶ ሜትር ልዩነት አለ። አቃቂ ላይ ዋንዛ ደስ ብሎት ያድጋል፤ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጡ ጽድ ይበረታል። እንጦጦ ላይ ዛሬ የሚታየው ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከመምጣቱ በፊት ጋራው የጽድና የወይራ አገር ነበር። አዲሲቱ ከተማ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ስትል አራቆተችው።

ሁለተኛው ጥያቄ አፈሩ ነው። ሁለቱም ውሃ የሚተኛበት ጥቁር ዋልካ አይወዱም። መሬትዎ እንደዚያ ከሆነ ጉድጓድ መቆፈር ብቻውን ገንዳ መሥራት ነው፤ አፈሩን ከፍ አድርገው ጉብታ ላይ ይትከሉ።

ጥላና ጥራጊ

አባቴ «ጥራጊ» ያለው እውነቱን ነው። አንድ የደረሰ ዋንዛ ያለው ግቢ ውስጥ መጥረጊያ አያርፍም። ክረምቱ ሲወጣ አበባው ይረግፋል፤ ቀጥሎ ፍሬው ይወድቃል፣ ጫማ ሥር ተጣብቆ ሳሎን ይገባል፤ በበጋው ማገባደጃ ደግሞ እንደ አካባቢው ድርቀት ቅጠሉን በከፊል ወይም በሙሉ ያራግፋል። አሸንዳ ውስጥ የገባ የዋንዛ ቅጠል እዚያው ይበሰብስና የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው በግድግዳ ይወርዳል። ግንቦት ሳያልቅ መሰላል ማውጣት ግድ ነው።

አባቴ በዚህ ሁሉ የተማረረው መጥረጊያ ሳይጨብጥ መሆኑን ግን እናቴ አትረሳም። «የሚጠርግ ሰው ቢያማርር ደግ ነበር» ትላለች። ዋንዛ ከመትከልዎ በፊት መጥረጊያው በማን እጅ እንደሚሆን በቤትዎ ይነጋገሩ። ዛፉ የሚያመጣውን ሥራ አንዱ ብቻ ከተሸከመው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ «ይቆረጥ» የሚለው ያ ሰው ነው።

በሌላ በኩል ያ ጥራጊ ሀብት ነው። ከግቢው ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ በአጣና ከልለው የዋንዛውን ቅጠል ይሰብስቡበት፤ የማድቤት ልጣጭ ይቀላቅሉበት፤ ሲደርቅ ውሃ ያርከፍክፉበት፤ አልፎ አልፎ በአካፋ ያገላብጡት። ጠቁሮና ተፈርፍሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ለጎመኑም ለጽጌረዳውም ደርሷል። እናቴ ማዳበሪያ ገዝታ አታውቅም።

የጽድ ግቢ ንጹሕ ነው። የሚረግፈው ጥቂት፣ ያውም ደቃቅ ነው። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው የሚከፈለው። ቅርንጫፉ እስከ መሬት የወረደ ጽድ ሥር አትክልት አይሆንም፣ ወንበርም አይገባም። ንብ አይመጣበትም፤ ዘሩን የሚያገናኘው ነፋስ ስለሆነ ማር የሚቀሰምበት ነገር የለውም። ወንዱና ሴቱ አብዛኛውን ጊዜ የተለያየ ዛፍ ናቸው። ሴቷ ላይ ብናኝ የተነሰነሰባት የምትመስል ጥቁር ሰማያዊ ደቃቅ ፍሬ ትወጣለች፤ እሷን ወፎች ይለቅማሉ። የደረቀ ቅጠሉ እሳት ቶሎ ስለሚይዝ ከማድቤቱ ጭስ ማውጫ ራቅ ማድረግ ጥሩ ነው።

ጥላው ወዴት ይወድቃል?

ብዙ ሰው ዛፍ ሲተክል የሚያየው መሬቱን ብቻ ነው። ቀና ብሎ ፀሐይዋንም ማየት ያስፈልጋል። በእኛ አገር በብርዱ ወራት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ እኩለ ቀን 10 ሜትር የሆነ ዛፍ ወደ ሰሜን ከ6 ሜትር በላይ የሚረዝም ጥላ ይጥላል። ከቤትዎ በስተደቡብ፣ ከግድግዳው አጠገብ ጽድ ከተከሉ፣ ቤቱ ሙቀት በሚናፍቅበት ወር ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍ መጋረጃ አንጠለጠሉበት ማለት ነው። ውስጡ እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል።

ጽድ እንግዲህ ቦታው ሰሜን ነው፤ ወይም የበጋው ነፋስ አቧራ ይዞ የሚመጣበት ወገን። በሁለት ሜትር ርቀት ተደርድሮ ከተተከለ ሲያድግ እንደ ግንብ ነፋስ ይመልሳል። ለብቻው ከሆነ ከግድግዳ አራት ሜትር ይበቃዋል፤ ወጣትነቱን ቀጥ ብሎ፣ ጠበብ ብሎ ነው የሚያሳልፈው።

ዋንዛ ደግሞ በስተምዕራብ ይሁን፤ የከሰዓቷን ፀሐይ ከበረንዳው ላይ ያነሣል። ግን ርቀት ይስጡት። የደረሰ ዋንዛ አናቱ ስምንትና አሥር ሜትር ይንሰራፋል፤ ስለዚህ ከግድግዳ ቢያንስ ስድስት ሜትር፣ ከውሃ ቧንቧና ከመጸዳጃ ጉድጓድም ራቅ ብሎ ይተከል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ሁለቱንም አይትከሉ።

ይህን ልኬት ወስጄ ወደ እናትና አባቴ ክርክር ስመለስ ነገሩ በሜትር ተፈታ። ከቤቱ በስተሰሜን ያለችው አራት በአራት ለዋንዛ አትበቃም ነበር። እናቴ የሜትሩን ልክ አይታ፣ «እንግዲህ አባትህ በመሬት ረታኝ» አለች።

ሰባት ዓመት የበላ ስህተት

አባቴ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ «ረትቶ» ነበር። በ2000 ዓ.ም. ክረምት፣ እናቴ ሳትኖር፣ እኔን ልኮ ከመንገድ ዳር ጽድ አስገዛ። ያኔ እኔም ገና ጀማሪ ነበርኩ። ሻጩ «ጽድ ነው» አለኝ፤ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉ ይሸታል፤ ከፈልኩ።

ችግኙ እንደ ጉድ አደገ። በአምስተኛው ዓመት ጣሪያውን አለፈ። አባቴ «ጽድ ቀርፋፋ ነው የሚሉ እነማን ናቸው?» እያለ ለጎረቤት ያሳይ ነበር። በሰባተኛው ዓመት ዛፉ አፈራ። ፍሬው ክብ፣ ደረቅ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ በሰሌዳ በሰሌዳ የተከፋፈለ ነበር። አንዲቱን አንሥቼ ለአባቴ ሰጠሁት። በመዳፉ ይዞ አገላበጣት፤ በጥርሱ ሞከራት። «ይህ የእኛ አይደለም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

የፈረንጅ ጽድ ነበር። የመካከለኛው አሜሪካና የሜክሲኮ ተራሮች ዛፍ ነው፤ ለአጥርና ለጣውላ ስለሚፈጥን አገራችን ውስጥ በብዛት ተተክሏል። መጥፎ ዛፍ አይደለም፤ ነገር ግን አባቴ የፈለገው ምሰሶውን፣ ሽታውንና ዕድሜውን ነው፤ እነሱ ደግሞ የሌላው ዛፍ ናቸው። ችግኝ ጣቢያ ሲሄዱ ስለዚህ «የሐበሻ ጽድ» ብለው ይጠይቁ። በኦሮምኛ የሚግባቡ ከሆነ «ጋቲራ» ይበሉ፤ ዋንዛውም «ዋደሳ» ነው።

በቃል ብቻ ግን አይመኑ። ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ የሐበሻው ጽድ ችግኝ ይወጋል። ለጋ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ በመዳፍዎ ጨበጥ ሲያደርጉት ይሰማዎታል። ሁለተኛ፣ ቁመቱ ያሳፍራል። ጎን ለጎን ከተደረደሩት መካከል ተመዞ የወጣው፣ ቅርንጫፉ ለስላሳና ወደ ታች የተንጠለጠለው፣ ብዙውን ጊዜ የፈረንጁ ነው። ሦስተኛ፣ የእናት ዛፉን ፍሬ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ሥጋ ያላት ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ ከሆነች የሐበሻው ነው፤ የእንጨት ኳስ ከሆነች የፈረንጁ።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ችግኝ ሻጭ ዘንድ ቆሜ ይህንኑ ስፈትሽ አይታኝ ሳቀች።

«ጋሼ፣ የሚወጋውን ሰው አይገዛኝም እኮ! ሁሉም ረጅሙን ነው የሚፈልገው» አለችኝ።

«እኔ የሚወጋውን ስጪኝ» አልኳት።

ከኋላ፣ ከጥግ፣ አቧራ የለበሱ ስንዝር የማይሞሉ ሁለት ችግኞች አወጣችልኝ። ዋጋቸውንም ቀነሰችልኝ፤ ቀርፋፋ ናቸው ብላ።

መትከልና ማጽደቅ

በአማርኛ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን። ከነፍስ መዳን ጋር አንድ ቃል መሆኑ ያለ ነገር አይመስለኝም። በሐምሌ መትከል ቀላል ነው፤ ሰማዩ ያጠጣል፣ ጎረቤቱም ይተክላል። የሚጸድቀውና የማይጸድቀው የሚለየው በጥርና በየካቲት ነው።

ጉድጓዱን ዝናብ በደንብ ሳይጥል፣ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይቆፍሩት፤ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት። የላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ይቆልሉ። ሲተክሉ የላይኛው ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ሥሩ ይገባል። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደው ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስንት አይቻለሁ! ሥሩ ከታች የተጠማዘዘ ከሆነ ጥምዝማዙን ይቁረጡት፤ ካልቆረጡት ዕድሜ ልኩን ራሱን እያነቀ ይኖራል።

ዋንዛን ራስዎ ማፍላት ከፈለጉ፣ የወደቀ የበሰለ ፍሬ ሰብስበው ልጋጉን በአሸዋ አሽተው ያጥቡ፣ ፍሬውን በጥላ ያድርቁ፣ ይዝሩት። ከዚያ ይጠብቁ። ሳይበቅል አንድ ወር ሲያልፍ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ነው፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊወስድበት ይችላል። የጽድ ዘር ደግሞ ብዙው ባዶ ነው። ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ የሚንሳፈፈውን ይጣሉ፣ የሰመጠውን ይዝሩ።

በመጀመሪያው በጋ ዋንዛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ይፈልጋል፤ በየጊዜው ግማሽ ጀሪካን ይበቃዋል። ጽድ በሳምንት አንድ ጊዜ ካገኘ አያማርርም። ፍየል ያለበት ሰፈር ከሆኑ ዋንዛውን በእሾህ ይጠሩ፤ ፍየል ቅጠሉን ትወዳለች።

መጋዝ ከማንሣትዎ በፊት

ሁለቱ ዛፎች በጣም የሚለያዩት መጋዝ ሲነካቸው ነው። ዋንዛ ይቅር ባይ ነው። ቅርንጫፉን ቢመለምሉት፣ አናቱን ቢያሳጥሩት፣ ከግንዱም ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል። በየሁለት በሦስት ዓመቱ ከጣሪያ ላይ የዘለቀውን ቅርንጫፍ ማንሣት ለእሱም ለቤቱም ይበጃል፤ ሥራው ከዝናብ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ጽድ ይቅርታ አያውቅም። ከተቆረጠ ጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ቅጠል የሌለው አሮጌ ቅርንጫፍ ላይ የገባ መጋዝ የሚተወው ራቁት ክፍተት እስከ መጨረሻው ራቁት ነው። በተለይ በገና ሰሞን ተጠንቀቁ ብዬ ለልጆች እነግራለሁ። ለአንድ ሳምንት መብራት ማንጠልጠያ ሲባል አናቱ የተቆረጠ ጽድ፣ ቀጥ ብሎ የመሄድ መብቱን አጥቶ ዕድሜውን እንደ ቁጥቋጦ ይጨርሳል።

ሁለቱም የሚጠበቁ አገር በቀል ዛፎች መሆናቸውንም አይርሱ። የራሴ ግቢ ነው ብለው ትልቅ ዋንዛ ወይም ጽድ ከመጣልዎ በፊት ወረዳዎን ይጠይቁ።

የአራት በአራቷ መጨረሻ

በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ የፈረንጁን ጽድ አንሥተን፣ በዚያው ቦታ የሐበሻውን ተከልን፤ የአባቴ ጉልበት የማይደርስ፣ የሚወጋ ችግኝ። በዚያው ሳምንት እናቴ የአጥራችንን ምዕራባዊ ወገን አልፋ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ተነጋግራ፣ የመንደሩ መተላለፊያ ሰፋ የሚልበት ቦታ ላይ ዋንዛዋን ተከለች። ተራ ገብተው አጠጡት።

ዛሬ ዋንዛው ከጣሪያዎቹ በላይ ነው። ከሥሩ የድንጋይ መቀመጫ ተደርድሯል፤ ዕድሩ እዚያ ይሰበሰባል፣ ልጆች ፍሬ ይለቅማሉ። እናቴ አሁንም ጠዋት ጠዋት መጥረጊያዋን ይዛ ትወጣለች፤ ብቻዋን ግን አይደለችም። አባቴም ጡረታ ከወጣ ወዲህ አካፋ ይዞ ይከተላታል። ቅጠሉን ለጽዱ ነው የምወስደው ይላል።

ጽዱ ቁመቴን ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አባቴ ማታ ማታ ሲያልፍ በእጁ ዳበስ ያደርገዋል፤ በየጊዜውም ይወጋውና እጁን ያራግፋል። ባለፈው ሰኔ ግን ጠራኝ። ከላይ፣ ከአዲሶቹ ቅርንጫፎች መካከል አንዱን ወደ ታች ጎንበስ አድርጎ ያዘልኝ። የጽድ ለጋ ቅጠል መርፌ ነው፤ ዛፉ ሲጎለምስ ግን የሚያወጣው ቅጠል እንደ ቅርፊት ተለጣጥፎ ከቅርንጫፉ ጋር የተጋደመ፣ ለስላሳ ነው። ያንን አውቃለሁ፤ በሥራዬ ለሰው ሳስረዳው ኖሬያለሁ።

«ንካው» አለኝ። ነካሁት። አልወጋኝም።